«ያለ እሱ ምንም ነኝ» ይለኛል ወንድሜ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አንድ ሰባኪ መከተል ከጀመረ ወዲህ ተለውጧል። መጠጥ ትቷል፣ ሥራ ይዟል። ግን ስለ ራሱ ሲያወራ «ያለ እሱ ምንም ነኝ» ይላል። ልፍራ ወይስ ልተወው? (እህት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጠጥ መተው ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ይበልሽ። እኔን ያስጨነቀኝ «ምንም ነኝ» ማለቱ ነው።

ጂም ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች ጥቁርና ነጭ ለይተው በሚያመልኩበት ዘመን፣ እሱ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጥ፣ ድሆችን ያበላ ነበር። ተከታዮቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ተንቀው እዚያ ክብር ያገኙ ሰዎች ናቸው፣ «አባዬ» ይሉት የነበረውም ለዚህ ነው። ቆይቶ ግን በስብሰባ እያስቆመ ጥፋታቸውን ያስወራቸው ጀመር። በሰው ፊት ይዋረዳሉ፣ ይደበደባሉ፣ ያልሠሩትን ኃጢአት ጽፈው ይፈርማሉ። ቤታቸውንም ለድርጅቱ ሰጡ። በመጨረሻ ክብራቸውን የሚሰጥም የሚነሳም እሱ ብቻ ሆነ። ህዳር 1978 ጉያና ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎች አለቁ፣ አብዛኞቹ በመርዝ፣ በታጠቁ ጠባቂዎች ተከበው። ሲሶ ያህሉ ልጆች ነበሩ። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ሁሉም መሪ ግን እንዲህ አይደለም። ጥቁሮች በራሳቸው እንዲኮሩ የሰበከው ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይም ሕዝብ የሚያስከትል ሰው ነበር፤ በ1920 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር ላይ ተከታዮቹ ዩኒፎርም ለብሰው ተሰልፈዋል፣ መዝሙራቸውም ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ይላታል። የመርከብ ኩባንያው ከሰረ፣ እሱም ታስሮ በ1927 ከአሜሪካ ተባረረ። ያስተማራቸው ግን በራሳቸው እንዲኮሩ ስለነበር ኩራቱ አብሮት አልሄደም። የታዋቂው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ የማልኮም ኤክስ ወላጆች ከተከታዮቹ ነበሩ፣ ልጆቻቸውንም በዚያው መንፈስ አሳደጉ።

ስለዚህ ሰባኪውን አትንቀፊበት፣ ወንድምሽን ራሱን የሰደብሽው ያህል ነው የሚሰማው። ይልቅ «ከሰባኪው ጋር ያልተስማማህበት ጊዜ አለ? ያኔ ምን አሉህ?» ብለሽ ረጋ ብለሽ ጠይቂው። ደሞዙ የት እንደሚገባም እወቂ። ከቤተሰብ ራቅ ከተባለ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው፣ ያኔም ቢሆን አንቺ በር አትዝጊበት። ምሳ ጥሪው፣ ልጆች ካሉሽ የቤት ሥራ ያስጠናቸው፣ የእናታችሁን ጉዳይ አማክሪው። ከሰባኪው ጋር ምንም የማይገናኝ፣ እሱ የሚፈለግበት ቦታ ይኑረው።