መልስ፦ ኢጎር የት ገባ?
ለጥያቄና መልስ ውድድር ብለህ፣ የዶክተር ፍራንከንስታይን ጎባጣ ረዳት ተብሎ የሚታወቀው ኢጎር ፊልሙ ውስጥ የት እንዳለ ጠይቀሃል። የ1931ዱን (እ.ኤ.አ.) «ፍራንከንስታይን» ፊልም ደጋግመህ አይተህ ኢጎርን ያጣኸው ስለሌለ ነው። ጀርባው የጎበጠው ረዳት ስሙ ፍሪትዝ ነው፤ ድዋይት ፍራይ ነው የሚጫወተው። ዶክተሩ ለሚሠራው ሰው ሠራሽ ፍጡር አንጎል እንዲሰርቅ ተልኮ፣ ድምፅ ሲያስደነግጠው የጤነኛው አንጎል ያለበትን ብልቃጥ ጥሎ ይሰብራል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የወንጀለኛውን አንጎል ይዞ ላጥ!

ኢጎርን ከፈለግክ የ1939ኙን «የፍራንከንስታይን ልጅ» ክፈት። እዚያም የላብራቶሪ ረዳት እንዳይመስልህ። ተሰቅሎ ሳይሞት የተረፈ፣ አንገቱ የተጣመመ አንጥረኛ ነው። የፈረዱበትን ሰዎች ፍጡሩን እየላከ ያስገድላል። ቤላ ሉጎሲ እንዲህ ሲጫወተው፣ እኔን ከዶክተሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ለጥያቄና መልስ ውድድር ስለሆነ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የዶክተሩንም ስም በደንብ አጣራ፤ እኛ ጋ በዚህ የተነሳ ጭቅጭቅ አምሽተናል። በ1931ዱ ፊልም ሄንሪ ነው፣ ቪክተር የሚባለው ጓደኛው ነው። በ1818ቱ የሜሪ ሼሊ ልቦለድ ግን ራሱ ቪክተር ነው፤ ያውም ተማሪ እንጂ ዶክተር አይደለም። ረዳት የሚባል ነገርም የለውም።