ኮልካነኔ ለምን ተጣበቀ?

ጥያቄ፦ የአየርላንዱን ኮልካነን፣ ማለትም በጎመን የተደፈጠጠ ድንች፣ ከስቴክ ጋር ለአራት ሰው ሠራሁ። ድንቹ እንደ ሙጫ ተሳሳበ፤ ስጋው ደግሞ በመጠበስ ፈንታ በራሱ ውሃ ተቀቀለ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ድንቹን በብሌንደር ፈጭተውት ይሆናል። ብሌንደር የድንቹን ህዋሳት ሰባብሮ ስታርቹን ስለሚያወጣው መጣበቁ አይቀርም፤ ከተጣበቀ በኋላ መመለሻ የለውም። 1 ኪሎ ዱቄታማ ድንች በትላልቁ ቆርጠው በቀዝቃዛ፣ ጨው ባለው ውሃ ይጣዱ። ከፈላ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃውን አጥልለው ድስቱን ለ2 ደቂቃ እሳት ላይ ይመልሱት፤ እንፋሎቱ ይውጣ። በእጅ ይደፍጥጡና 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ቀጥሎ 150 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተት ይጨምሩ። 300 ግራም ጎመን ለብቻው ቀቅለው፣ በደንብ ጨምቀውና ከትፈው ያዋህዱ። በጎመኑ ፈንታ አረንጓዴ ሽንኩርት ከገባ ስሙ ቻምፕ ነው፤ ከስቴክ ጋር እንዲያውም እሱ ይሻላል።

ስጋው ውሃ ያወጣው መጥበሻው በደንብ ስላልጋለ ወይም አራቱም ቁራጭ ስለተጨናነቁ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ስቴክ በወረቀት ያድርቁ። ጨው ከ40 ደቂቃ በፊት፣ አለዚያም ልክ ሊጠበስ ሲል ይነስንሱ፤ በመካከሉ ከሆነ ጨው የሳበው እርጥበት ላዩ ላይ ይቀራል። ሁለት ሁለቱን፣ በየጎኑ 3 ደቂቃ ገደማ ጠብሰው 5 ደቂቃ ያሳርፉት። ለስጎው መጥበሻውን ከእሳት አውርደው 3 የሾርባ ማንኪያ የአየርላንድ ውስኪ ያፍሱ፤ እሳት ላይ እያለ ከፈሰሰ ነበልባል ያስነሳል። መልሰው ጥደው በግማሽ ሲቀንስ 100 ሚሊ ሊትር ክሬም ይግባ።