የአባቴን ኬሞ የሚያግዝ መድኃኒት ከውጭ ላስመጣ?

ጥያቄ፦ አንቺ እያልኩ የምጽፍልሽ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ ቅር እንዳይልሽ። አባቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የጨጓራ ካንሰር ተገኘበት፤ ጉበቱም ላይ ደርሷል። ሁለት ዙር ኬሞ ወስዷል። ውጭ ያለው ወንድሜ «ካንሰሩን ለይቶ የሚመታ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ገዝቼ በሰው ልላክ» ይለኛል። ኬሞውን ያስቀርለታል?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ምን ቅር ይለኛል! ሐረር በፋርማሲስትነት ብሠራም ያደግኩት መጋላ ነው።

ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውዪና «ቆይ፣ አትግዛ» በዪው። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለአባባ ይሆን እንደሆነ ገና ስላልታወቀ ነው።

አንዳንድ የጨጓራ ካንሰር ሴሎች ላያቸው ላይ ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ አላቸው። ይህ ፕሮቲን ሴሉን ሌት ተቀን «ተባዛ» ይለዋል። ትራስቱዙማብ እሱ ላይ ተጣብቆ ትእዛዙን ያፍናል። ኬሞን አያስቀርም፤ አብሮት ነው የሚሰጠው። ኸር-ቱ የሚበዛው ግን ከአምስት ታማሚ በአንዱ ገደማ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን «ናሙናው ለኸር-ቱ ተመርምሯል?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተመረመረም አባባ እንደገና ቱቦ መዋጥ ላያስፈልጋቸው ይችላል። በኢንዶስኮፒ የተወሰደችው ቁራጭ ሰም ውስጥ ተደርጋ ፓቶሎጂ ክፍል፣ ናሙና የሚመረመርበት ቦታ፣ ትቀመጣለች። «ብሎክ» ይሏታል። የናሙናውን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱ የፕሮቲኑን ብዛት በሚያሳይ ከ0 እስከ 3 ፕላስ ባለ ደረጃ ይነገራል። 3 ፕላስ ከሆነ መድኃኒቱ ይታሰባል። 2 ፕላስ ከሆነ ጂኑን የሚያይ ሌላ ምርመራ ይቀራል። ከዚያ በታች ከሆነ ወንድምሽ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውለው።

ጥቅሙን ሳልደብቅ ልንገርሽ። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው ትልቅ ጥናት ኸር-ቱ ያለባቸው ታማሚዎች በኬሞ ብቻ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ የኖሩበት ማለት ነው) 11.1 ወር ነበር። ትራስቱዙማብ ሲጨመር 13.8 ወር ሆነ። ፕሮቲኑ በጣም በበዛባቸው ላይ ደግሞ ከ11.8 ወደ 16 ወር ከፍ ብሏል። ለእኔ ይህ ትንሽ አይደለም። ቤት ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ ግን ቁጥሩን አውቃችሁ ወስኑ። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል፤ በሽታው እስኪብስ ድረስም ይቀጥላል። አንድ ብልቃጥ የትም አያደርስም። ልብንም ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትም በመሃልም ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) መታየት ግድ ነው።

በሻንጣ መላክ የሚለውን ነገር በጣም እፈራለሁ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የድሬን ፀሐይ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዲት እናት ልጆቿ ተበድረው የገዙላትን በፌስታል ይዛልኝ መጣች፤ እጄ ላይ ሞቀኝ። «አይሰጥሽም» ያልኳት ቀን እስካሁን ይከነክነኛል። ስሙንም አጣሩ፦ «ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን» የሚል ከተጻፈበት ሌላ መድኃኒት ነው፤ መጠኑም ይለያል።

እስከዚያ ድረስ ኬሞውን እንዳታቋርጡ። ሦስተኛው ዙር ቀኑን ጠብቆ ይሰጥ፤ አንቺ በጎን የብሎኩን ነገር ጨርሺ።