መልስ፦ ለጃቫ ስዊንግ ኢንተርቪው ከየት ልጀምር?
ሰላም ወንድሜ። የጃቫ ስዊንግ ኢንተርቪው ሳምንት ነው የቀረኝ፣ ከየት ልጀምር ብለሃል። ስዊንግ መስኮትና በተን ያላቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የጃቫ መሣሪያ ስለሆነ ከትሬድ ጀምር፤ ትሬድ ማለት ፕሮግራሙ ሥራዎቹን በተራ የሚያስኬድበት አንድ መስመር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ "በተኑ ሲጫን መስኮቱ ለምን ድርቅ ይላል?" የሚል ነው። ስዊንግ ውስጥ ስክሪኑን የሚስለውም፣ የማውዝና የኪቦርድ ትእዛዝ የሚቀበለውም አንድ ትሬድ ነው። ኢቨንት ዲስፓች ትሬድ ይባላል። 5 ሰከንድ የሚፈጅ የዳታቤዝ ሥራ እሱ ላይ ከጫንክ፣ ለ5 ሰከንድ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። መፍትሔው ከባዱን ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ የሚወስድልህ ስዊንግወርከር ነው። ከባዱን ሥራ ዱኢንባክግራውንድ የሚባለው ሜተድ ውስጥ ታደርጋለህ፣ ውጤቱን ደን (done) የሚባለው ሜተድ ውስጥ ታሳያለህ። ደን የሚሮጠው እዚያው ስክሪኑን በሚስለው ትሬድ ላይ ነው። ይህን እባክህ አትሸምድደው። ዛሬ ማታ ቁጭ በልና ሆን ብለህ የሚደርቅ ፕሮግራም ጻፍ፤ ከዚያ አስተካክለው። በእጅህ የሠራኸውን ስታስረዳ አፍህ ይፈታል።

ሌይአውትንም፣ ማለትም በተኖቹ መስኮቱ ላይ የት እንደሚቀመጡ የሚወስነውን፣ አትዝለል። መስኮቱን ወደ መሃልና አራት ጎኖች የሚከፍለው ቦርደርሌይአውት ላይ ቦታ ሳትጠቅስ ሁለት በተን ብትጨምር ሁለቱም መሃል ይገባሉ፤ የሚታየው ግን የመጨረሻው ብቻ ነው። ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

ሰንጠረዥ የሚያሳየው ጄቴብል ላይ ዳታው በቴብልሞደል ተለይቶ እንደሚቀመጥ ካወቅክ ለጊዜው ይበቃሃል። የሚደርቀው ፕሮግራም አልስተካከል ካለህ ኮዱን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።