ኮምፕሬሰሩ እምምም እያለ አልነሳ ካለ ሞተሩን ለማስጠቅለል አትቸኩሉ

ሰላም ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ለቀለም መርጫ የምትጠቀምበት ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ጠዋት በደንብ ይነሳል፣ ማታ ግን እምምም ብሎ ይቆምና ብሬከር ይጥላል፣ የጠራኸው ባለሙያ ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ የውስጥ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠቅለል አለህ። እባክህ ይሄን ሳታይ እንዳታስጠቅል። የተቃጠለ ሞተር ሰዓት አይመርጥም፣ ማታ ያልተነሳው በነጋታው ጠዋት አይነሳም።

እኔ ግቢዬ ውስጥ እንጨት ስራ ነው የምሰራው፣ ልክ ያንተው ነገር ገጥሞኝ ሞተሩን አስጠቅልዬ ብሬን ከፍዬ በሳምንቱ ያው እምምም። ቆይቼ ነው ቴስተር ይዤ የለካሁት፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ በሚጋግርበት ሰዓት ቤት ያለው ሶኬት 195 ቮልት ነበር፣ ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲታገል ግን እሱው ጋ 160 ገባ። ለካ ከቤት እስከ ስራ ቦታዬ 25 ሜትር ቀጭን ኤክስቴንሽን ነበር የዘረጋሁት፣ ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው 5 እና 6 እጥፍ አምፔር ስለሚስብ ሽቦው ብቻውን 35 ቮልት በላ ማለት ነው። ጉልበቱ ደግሞ ቮልቱ በወረደው ልክ አይደለም የሚወርደው ከዛ በላይ ነው፣ በ220 ካለው ጉልበት በ160 የሚቀረው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ ዘረጋሁ፣ ከዛ ወዲህ ሰላም ነው።

ግን ያንተም የግድ ቮልት ነው አልልህም። አንድ ነገር ንገረኝ፣ ጠዋት ስትነሳ ታንከሩ ባዶ ነው ወይስ አየር አለው? ሌሊቱን በትንሽ በትንሹ ተንፍሶ ባዶ አድሮ ከሆነ ጠዋት የሚነሳው ጫና ስለሌለበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ እምቢ ሲልህ ወዲያው አጥፋው፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ከታንከሩ ስር ባለው ማፍሰሻ አየሩን በሙሉ አስወጣና እንደገና ሞክር። ባዶውን ከተነሳና 8 ባር ሞልቶ ሲቆም ፕሬዠር ስዊቹ (አየሩ ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ) ጋ ፕስስ የሚል አጭር ድምፅ ካልሰማህ፣ የኮምፕሬሰሩ ጭንቅላት (አየሩን የሚጨምቀው ክፍል) ላይ የቀረው አየር አልተለቀቀም፣ ሞተሩ እሱን እየገፋ ነው ልነሳ የሚለው። ፕስስታው ካላቆመ ደግሞ ታንከሩ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ (የገባው አየር እንዳይመለስ የሚዘጋው) አልዘጋም፣ ፍታና እጠበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ታንከሩ ውስጥ አየር እያለ ግን እንዳትነካው!

ባዶውንም ካልተነሳና ቮልቱ ደህና ከሆነ ካፓሲተሩ (ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው የሚጠረጠረው። ስፒናውን ንቀል፣ ከዛ ካፓሲተሩን በድሮው ባለ ክር አምፖል አራግፈው፣ በካቻቢቴ አገናኝተህ አታፈንዳው፣ ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል። ካበጠ አትለካው ቀይረው፣ ካላበጠ ደግሞ ማይክሮፋራዱ (የካፓሲተሩ የመያዝ አቅም ልኬት) ከተጻፈበት ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ቀይረው። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ከድሮው አይነስ። የደከመ ካፓሲተር ጠዋት በ225 ቮልት እንደምንም ያስነሳና ማታ በ195 ይሸነፋል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሁለቱ ችግር ተደምሮ ሲመጣ። ፕሬዠር ስዊቹን ከፍተህ ኮንታክቱ መጥቆሩንም በዛው እይ።

ብሬከሩ ወደቀ ብለህ በትልቅ እንዳትቀይረው በጣም አደራ፣ ያኔ የሚቃጠለው የቤትህ መስመር ነው። እምምም እያለም ከ3 እና 4 ሰከንድ በላይ አታቆየው፣ ደህናው ሞተር በእውነት የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ማታ ስትሞክር ኮምፕሬሰሩ ጋ ያለውን ቮልት፣ የሽቦህን ውፍረትና ርዝመት፣ ባዶውን ተነሳ አልተነሳ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።