ከፎቶ የሚሳል ፊት ዝርግ ለሚሆንበት ወንድማችን

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፤ ፊት ለመሳል ጥሩ ሪፈረንስ (እያየን የምንስልበት ፎቶ ወይም ሥራ) ከየት ይገኛል፣ መልኩ ተመሳስሎ ሳለስ ሥራው ለምን ዝርግና የቆሸሸ ይመስላል። ሁለቱም መልሳቸው ብርሃኑ ላይ ነው። የለጠፍካቸው ሦስት ሥዕሎች በሙሉ በፍላሽ ከተነሱ ፎቶዎች የተሠሩ ናቸው። ፍላሽ ከካሜራው ጎን ስለሚመጣ ጥላውን ሁሉ ከሰውየው ኋላ ይጥለዋል። ግንባር፣ ጉንጭና አፍንጫ አንድ ዓይነት ድምቀት ይይዛሉ። ፎቶው ላይ የሌለውን ጥላ በግምት ስትጨምር ደግሞ ጥላ ሳይሆን እድፍ ይመስላል።

ስለዚህ ፎቶ ስትመርጥ ሰውየው ማማሩን ተወውና ዓይንህን አጥብበህ እየው። ፊቱ ብርሃንና ጥላ ተብሎ ለሁለት ከተከፈለ፣ የአፍንጫው ጥላ ጉንጭ ላይ ጥርት ያለ ቅርጽ ይዞ ከወደቀ ያዘው፤ ካልሆነ እለፈው። ቆዳው በፊልተር የለሰለሰ ፎቶም አይረባህም። ፊልተር መጀመሪያ የሚያጠፋው ጉንጭ ወደ አፍ ዳር የሚታጠፍበትን ቦታ ነው፤ አንተ ደግሞ የምትፈልገው እሱን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ራስህ የምታነሳው ፎቶ ነው። ሰውየውን ከመስኮት አንድ ሜትር ያህል አርቀህ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ትንሽ ዘወር አድርገህ አስቀምጥ። አምፖሉን አጥፋ፤ ሁለት ብርሃን ካለ ሁለት ጥላ ይወድቅና ቅርጹ ይዘበራረቃል። በሌላው ወገን ነጭ ግድግዳ ካለ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ስለሚያሳሳው ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ ስቀልበት። ስልኩን በሰውየው ዓይን ትክክል ይዘህ ሁለት ሜትር ያህል ራቅና ዙሙን ሁለት እጥፍ አድርግ። ክንድ በማይሞላ ርቀት የተነሳ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ብዙ ሰው "መልኩ አልመጣልኝም" የሚለው የእጁ ጥፋት መስሎት ነው እንጂ ፎቶው ራሱ የተዛባ ነው። ከማንሳትህ በፊት ደግሞ ስክሪኑ ላይ በጣም የበራውን የፊት ክፍል ነክተህ ድምቀቱን ትንሽ ቀንስ፤ ስልክ ጠቆር ያለ ፊት ሲያይ በራሱ ማድመቅ ስለሚወድ ግንባር ላይ ያለው ዝርዝር ነጭ ሆኖ ይቀራል። በቴሌግራም ስትቀባበሉ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፤ አለዚያ ይጨመቅና የዓይን ዙሪያ ይደበዝዛል።

ከሙዚየሞች ስብስብም ብዙ ይገኛል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የባለቤትነት መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል ማንም በነፃ አውርዶ እንዲጠቀም ፈቅዷል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምም እንዲሁ ነው፤ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ንድፎች አጉልተህ እያንዳንዱን ጭረት ታያለህ። ለእኛ መልክ በተለይ የምመክርህ ግን ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር በ1521 (እ.ኤ.አ.) አንትወርፕ ላይ የሳላትን ካትሪና የተባለች አፍሪካዊት ሴት ነው፤ ዋናው ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል። የተሠራችው በብር ጫፍ (ጫፉ ቀጭን ብር በሆነ መሣያ) ነው፤ በብር ጫፍ ደግሞ ጭረት መደርደር እንጂ ማሸት የሚባል ነገር የለም። ጭረቶቹ የጉንጩን አቅጣጫ ተከትለው እንዴት እንደሚታጠፉ እያየህ ቅዳት። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ኋይትም ጥቁር ሰዎችን በከሰልና በቀለም ሲሠራ ፊቱን እንደ ተጠረበ ድንጋይ በገጽ በገጽ ከፍሎ ነው፤ ገጾቹን ለማየት ከሱ የተሻለ ብዙ የለም።

አዲስ አበባ ካለህ ደግሞ ሐውልቶቹ የማይንቀሳቀሱ ሞዴሎች ናቸው። ፒያሳ የዳግማዊ ምኒልክን ፈረስ፣ ለገሃር የይሁዳ አንበሳን በተለያየ ሰዓት ሂድና ሳል፤ ጠዋት በብርሃን የነበረው ጎን ከሰዓት ጥላ ሲሆን ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ ታያለህ። ለሰውነት እንቅስቃሴ የታክሲ ሰልፍ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ከ30 ሴኮንድ እስከ ሁለት ደቂቃ፣ ፊት ሳትሠራ፣ ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ብቻ። ቀረብ ብለህ የምትስል ከሆነ ግን አስፈቅድ።

ወደ አሣሣሉ ስንመጣ፣ ትልቁ ስህተት በዓይን መጀመር ነው። መጀመሪያ የጭንቅላቱን ጠቅላላ ቅርጽ በኤችቢ (መካከለኛ ጥንካሬ ባለው እርሳስ) አቅልለህ አውጣ። ከጭንቅላት አናት እስከ አገጭ ለካ፤ ፊት ለፊት በሚያይ ሰው ላይ ዓይን የሚውለው ግማሹ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ ግንባርና አናት ይቆረጣሉ። በሁለቱ ዓይኖች መሃል አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት አለ። እነዚህ ልኬቶች መፈተሻ ናቸው፤ የሰው ፊት ከልኬቱ በትንሹ የሚያፈነግጥበት ቦታ ነው መልኩ። ፎቶውና ወረቀቱ ላይ ካሬ ማስመር (ግሪድ) ለትእዛዝ ሥራ ጊዜ ይቆጥባል፣ ዓይንህን ግን አያሠለጥንም፤ ለልምምድ አትጠቀምበት። ስትጨርስ ሥዕሉንና ፎቶውን በስልክ ግራ ቀኙን ገልብጠህ ጎን ለጎን እያቸው፤ የተጣመመው ወዲያው ይታይሃል።

ቅርጹ ሲስተካከል የጥላውን ድንበር እንደ ካርታ አስምር፣ ውስጡን አንድ ወጥ አድርገህ ሙላው። ዓይን፣ ከንፈር፣ ሽፋሽፍት ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ቆሻሻው እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ትምህርቶች ነጭ ወረቀትን እንደ ቆዳ የሚቆጥሩ ናቸው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ላይ ብርሃን ያረፈበት ወገን ራሱ ቀለም አለው። አምስት ደረጃ ያለው መስመር ወረቀትህ ዳር ላይ ሥራ፤ አንድ ባዶ ወረቀት፣ አምስት የመጨረሻው ጥቁር። የጠይም ሰው ብርሃን ወገን ሁለትና ሦስት፣ ጥላው አራት፣ የአፍንጫ ቀዳዳና የፀጉር ጥልቀት አምስት ይሆናል። ደረጃ አንድ የሚቀረው ግንባር፣ የአፍንጫ አጥንት፣ የጉንጭ አጥንትና የታችኛው ከንፈር ላይ ለሚያበሩት ትንንሽ ቦታዎች ነው። ቆዳው በጠቆረ ቁጥር እነዚህ ነጥቦች የበለጠ ጥርት ይላሉ፣ ቅርጹን የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። አንተ ፊቱን በሙሉ በ6ቢ (የቢው ቁጥር በጨመረ ቁጥር እርሳሱ ለስላሳና ጥቁር ይሆናል) አጥቁረህ በጣት ስላሸኸው ሁሉም ሦስት ተኩል ላይ ተገናኝቷል። የዓይን ነጩም ደረጃ አንድ መሆን የለበትም፤ ዓይን ክብ ነው፣ የዓይን ቆብ ጥላ ይጥልበታል፣ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ባዶ ከተውከው የፈጠጠ ይመስላል። አገጭ ሥር ከልብስ የሚመለሰው ብርሃንም የጥላ አካል ነው፤ ከብርሃኑ ወገን ደምቆ ከታየ ፊቱ ይፈርሳል።

በጣት ማሸት ተው። የጣት ቅባት ወረቀት ውስጥ ይገባና ላጲስ የማያነሳው ጠባሳ ይተዋል። በቀላል እጅ በኤችቢ፣ ቀጥሎ በ2ቢ ደራርብ፣ 4ቢና 6ቢ መጨረሻ ላይ በጥቂት ቦታ። ማለስለስ ግድ ካለህ የተጣጠፈ ሶፍት። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ስለሆነ ሦስት አራት ድርብ ሲያርፍበት ይላላጣል፤ ከ160 ግራም በላይ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ፈልግ። እርሳስ አንድ ቦታ ላይ ሲበዛ ይጥቁር ሲሉት ያብለጨልጫል። እውነተኛ ጥቁር ከፈለግህ ከሰል ነው፤ ግን ከሰሉን ቀድመህ አሳርፈው፣ በእርሳስ በተወለወለ ወረቀት ላይ አይዝም።

ሹሩባ ስትሠራ እያንዳንዱን ክር አትቁጠር። ሙሉውን ፀጉር ደረጃ አራት አድርገህ ሙላ፣ የመሃል መስመሮቹን በላጲስ ሹል ጫፍ አንሳ፣ ጉንጉኑ ወደ ላይ በሚያብጥበት ቦታ ብርሃን አውጣ። አፍሮ ላይ ደግሞ የውጪው ጠርዝ ለስላሳ ይሁን፤ በመስመር ከከበብከው ኮፍያ ይሆናል። ነጠላ ነጭ ስለሆነ ባዶ አይተውም፤ እጥፋቶቹ ከትከሻው ጫፍ ጀምረው እየተበተኑ ይወርዳሉ፣ ጥላቸው ደረጃ ሁለት ይበቃዋል።

ለትእዛዝ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የአባት ጉርድ ፎቶ በዋትስአፕ ሲላክልህ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ነው። ሌላ ሁለት ሦስት ፎቶ ጠይቅ፤ በጎን የተነሳ አንድ እንኳ ካለ የአፍንጫውን ከፍታና የጉንጩን ጥልቀት ታገኛለህ። የዋናውን ፎቶ መልክ ይዘህ፣ ፊቱ የሚመስል ዘመድህን መስኮት ዳር አስቀምጠህ ጥላው የት እንደሚወድቅ ብቻ ከእሱ ውሰድ።

የሚቀጥለውን ሥራ ስትለጥፍ ከነሪፈረንሱ ለጥፈው፤ ሥዕሉን በጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን፣ ከላይ ቀጥ አድርገህ አንሳው። በጎን የተነሳ ሥዕል ልኬቱ ስለሚዛባ የት ጋ እንዳለህ ማንም በትክክል ሊነግርህ አይችልም።