አር-390ኤ ስንት ያወጣል ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ያሉ አዛውንት ጎረቤትህ ቤታቸውን ሲለቁ ምድር ቤት የነበረ አር-390ኤ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ መቀበያ ሰጡህ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ተመሳሳዩ 2,500 ዶላር ተለጥፎበት አየህና «እኔስ ስንት ልበል?» አልክ። እኔ ከእነዚህ ሬዲዮዎች ሦስት ገዝቼ ሁለቱን ሸጫለሁ፤ በአንዱ ከስሬያለሁ።

ከዋጋው በፊት አንድ ልመና አለኝ፤ ኤሌክትሪክ ላይ እንዳትሰካው። ውስጡ ሲ-553 የምትባል፣ ጣት የማታህል ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) አለች። ሥራዋ ከፍተኛው ቮልቴጅ የፈለግከውን ጣቢያ ከጎረቤቶቹ ወደሚለዩት ሜካኒካል ፊልተሮች እንዳይደርስ ማገድ ነው። ስታረጅ ታሳልፋለች፤ ያን ጊዜ የፊልተሩ ቀጭን ጥቅልል ሽቦ ይቃጠላል። ካፓሲተሯ በጥቂት ገንዘብ ትተካለች። ፊልተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሌላ ሬዲዮ ተነቅሎ ነው። «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለው ሰክተው የሬዲዮውን ግማሽ ዋጋ በአንድ ደቂቃ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። የተለጠፈው 2,500 ዶላር የሻጩ ምኞት ነው፤ እኔ ያንኑ ማስታወቂያ ለወራት ሳይነካ አይቼዋለሁ። ፍለጋህን «የተሸጡ» በሚለው አጣራው። እኔ በተከታተልኳቸው ሽያጮች ሙሉ ሆነው መሥራታቸው ያልተረጋገጠ በጥቂት መቶ ዶላሮች ሄደዋል። ከሺህ ያለፉት በታወቀ ባለሙያ እጅ ታድሰው የተስተካከሉ ናቸው። የአንተን ከነዚህ ጋር አታወዳድር።

ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ሰሌዳ ነው። ንድፉ ኮሊንስ የተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ኩባንያ ቢሆንም ሞቶሮላን፣ ስቱዋርት-ዋርነርንና ሌሎችን ጨምሮ ብዙ ፋብሪካዎች በኮንትራት ሠርተውታል። ኮሊንስ የሚል ሰሌዳ ሲያዩ ገዢዎች ልባቸው ይደነግጣል። የኔ አይደነግጥም። የጦሩ ጥገና ክፍሎች የተበላሸውን ክፍል በሙሉ አውጥተው ከመደርደሪያ ያገኙትን ይተኩ ስለነበር፣ ሰሌዳው ኮሊንስ ብሎ ሆዱ የሦስት ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። የኔ የመጀመሪያው ሞቶሮላ እንዲህ ነበር። ስለዚህ የላይ ክዳኑ ስለሌለ ከላይ ሆነህ የእያንዳንዱን ክፍል ማኅተም ፎቶ አንሣ። የሚያውቅ ገዢ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

ውስጡ እየታየህ ሳለ፣ ሳትሰካው፣ የሜጋሳይክሉን ቁልፍ (ሞገድ የሚመረጥበትን) በቀስታ አዙረው። የጥርሶቹ ማሽን ጤነኛ ከሆነ በመስኮቱ ያሉት ቁጥሮች ይገለበጣሉ፤ ከላይ የተደረደሩት የብረት እምብርቶች በረድፍ በረድፋቸው እንደ ሸማኔ ዕቃ ከፍ ዝቅ ይላሉ። እኔ ይህን ሬዲዮ የወደድኩት ይህን ያየሁ ቀን ነው። ቁልፉ ከተያዘ አታስገድደው፤ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ቅባት ነው፤ ማጽዳቱ ግን የገዢው ድካም ስለሆነ ከዋጋው ይቀነሳል።

ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ቆጣሪዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የጥንቶቹ መርፌና ቁጥር ጎጂ ጨረር ባለው ራዲየም የተቀባ ስለነበር ጦሩ ሬዲዮዎቹን ሲያስወግድ ከብዙዎቹ ነቅሏቸዋል። በላክኸው ፎቶ እንደማየው የግራው ባዕድ ነው፤ በኋላ የተተካ ማለቴ ነው። የቀኙ የጥንቱ ሊሆን ስለሚችል አትፍታው፤ በማስታወቂያህም ግለጸው። 3ቲኤፍ7 የሚባለው የባላስት ቱቦም (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚያረጋጋው) ውድ ነው፤ በቦታው መኖሩን አረጋግጥ።

ጎረቤትህ አሥመራ ቃኘው ጣቢያ አገልግለዋል ያልከው እኔንም አስገርሞኛል። አሜሪካኖች እስከ 1977 የቆዩበት ያ ጣቢያ ትልቅ የማዳመጫ ሰፈር ነበር፤ አር-390ኤም የዚያ ዓይነት ሥራ ጆሮ ነው። ነገር ግን 38 ኪሎ የሚመዝን ሬዲዮ ወታደር በሻንጣ ይዞ አይመለስም፤ ኋላ ከተወገዱ ዕቃዎች የገዙት ይመስለኛል። ወረቀት ለሌለው ታሪክ ገዢ አይከፍልም። ታሪኩን ግን እሳቸው ሳሉ ጠይቃቸውና ጻፈው፤ ላንተ ይቀመጥ።

የከሰርኩት በክብደቱ ነው። ሁለተኛውን ለሩቅ ገዢ ሸጬ በአንድ ላኪ ድርጅት ላክሁት። ሲደርስ ቁልፎቹ ያሉበት የፊቱ ገጽ ተጣሞ፣ የአንዱ ቁልፍ ዘንግ ተሰብሮ ነበር። ገንዘቡን መለስኩ፤ ካሳ ስጠይቅ «አጠቃለልህ ደካማ ነው» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ መጥቶ ለሚወስድ ብቻ ነው የምሸጠው። አለበለዚያ ግንቦት ላይ ዚንያ፣ ኦሃዮ የሚደረገው የአማተር ሬዲዮ ገበያ አለ፤ እዚያ ገዢው ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል።

የላይ ክዳኑ መጥፋቱን፣ ባዕዱን ቆጣሪና አለመሞከሩን ቆጥሬ እኔ ብሆን 450 ዶላር ብዬ 350 ላይ እስማማለሁ። ሲ-553 ተተክታ፣ አራቱም ፊልተሮች መሥራታቸው ከታየ 600 ማለት አያሳፍርም። የፊቱን ቀለም ግን አትንካው። ፊልተሮቹና ሲ-553 ያሉበትን የአይኤፍ ክፍል ከሥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ካፓሲተሯ የትኛዋ እንደሆነች ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።